የክፍል ቁጥር አራት ኮርማ

ታሪክ ጸሐፊዎች አንድ ጠባይ አላቸው፤ ፈረስና ጎራዴ ካላዩ ብዕራቸውን አያነሱም። በዚህ ምክንያት ከከተማው ዳር፣ ከጎማ ጠጋኙ ቀጥሎ፣ ቆርቆሮው በዝገት በተበሳሳው ጽሕፈት ቤት ውስጥ የተፈጸመው ገድል እስከ ዛሬ ሳይጻፍ ቀርቷል። ጽሕፈት ቤቱ የተባይ መከላከያ ይባላል። ሠላሳ አንድ ሠራተኞች አሉት። ከእነዚህ ሠላሳዎቹ ይሰበሰባሉ፤ አንዷ ትሠራለች። ይህ የሥራ ክፍፍል በጥናት የተደረሰበት በመሆኑ ቅሬታ ያቀረበበት ሰው የለም። አንዷም ብትሆን ቅሬታ በሚቀርብበት ስብሰባ ላይ የምትገኝበት ጊዜ አልነበራትም።

አንዷ እቴቴ ናት። መጀመሪያ እንዲህ ብሎ የጠራት ታናሽ ወንድሟ ነበር፤ በኋላ መሥሪያ ቤቱም፣ ጎማ ጠጋኙም ወረሱት። በክፍል ቁጥር አራት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተርብ አርብታለች። ተርብ ሲባል ያ ጣራ ሥር ጎጆውን ሠርቶ የሰው ፊት የሚያሳብጠው አይደለም። የእሷዎቹ ከሰናፍጭ ፍሬ ያንሳሉ፤ ሰው አይነድፉም፤ አጠገባቸው አንድ ሰው ቢያስነጥስ ግን አርባ የሚሆኑት አድራሻቸው ይጠፋል። ሥራቸው አንድ ነው። የእሳት እራት በጎመን ቅጠል ሥር የጣለችውን እንቁላል ፈልገው የራሳቸውን እንቁላል እዚያው ውስጥ ይጥላሉ። አባጨጓሬ ይወጣል ተብሎ ሲጠበቅ ተርብ ብቅ ትላለች። በእንግድነት ገብቶ፣ ባለቤቱን በልቶ፣ ልጅ አሳድጎ መውጣት ማለት ነው። ጽሕፈት ቤቱ ይህን ጠባይ «ጥገኝነት» ይለዋል፤ ቃሉን ለማግኘት ሩቅ አልሄደም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን እነዚህ ተርቦች በሙሉ ሴቶች መሆናቸው ነው። እናት ሴት ልጅ ትወልዳለች። ልጂቱ ስታድግ፣ ማደግ ማለት አሥር ቀን ነው፣ እሷም ሴት ልጅ ትወልዳለች። ባል የለም፤ ሠርግ የለም፤ አማት የለም፤ በዚህም የተነሣ በክፍል ቁጥር አራት ጭቅጭቅ ተሰምቶ አያውቅም። የቀድሞው ኃላፊ ይህን ሲሰሙ «ታድለው» አሉና ጡረታ ወጡ።

አዲሱ ኃላፊ የመጡት ከከብት ማዳቀያ ጣቢያ ነው። ሲመጡ ሦስት ነገር ይዘው መጡ፦ የሚሽከረከር ወንበር፣ በመስታወት የተለበጠ የአንድ ጥቁር ኮርማ ፎቶግራፍና ሁለት ሺህ ቅጠል የታተመ ቅጽ። የባለቤታቸው ፎቶግራፍም ነበረ፤ መዳፍ የሚያህል ስለሆነ ግን ከኮርማው ጭራ ሥር ነው ቦታ የተገኘለት።

ቅጹ የጥጃ መውጫ ቅጽ ነው። ኃላፊው «የታተመ ወረቀት አይጣልም» ብለው «ጥጃ» የሚለውን በእስክሪብቶ አሰረዙና «ተርብ» አስባሉት። የቀረው እንዳለ ቀረ። የቀንድ ብዛት፣ የጡት ብዛት፣ የኮርማው ስም፣ የኮርማው አባት ስም። ከግርጌው በደማቁ «አንድ ሳጥን ባዶ ከሆነ እንስሳው ከግቢ አይወጣም» ይላል።

የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግስት የእቴቴ ወንድም የክብሪት ቀፎ ይዞ በሩ ላይ ተገኘ። ጎመን አምራች ነው። ቀፎውን ከፈት አድርጎ ውስጡ ያለችውን የእሳት እራት አሳያት።

«ይቺ ናት?»

እቴቴ ወደ ብርሃን አዙራ አየች። «ይቺው ናት። ስንት አየህ?»

«አምስት።»

«እነዚህ መንገድ ጠያቂዎች ናቸው። ዋናዎቹ በአምስት ሳምንት ይደርሳሉ።»

«እቴቴ፣ ዘንድሮ ሁለቱንም ማሳ ጎመን ነው ያደረግሁት። ሌላ ነገር የለኝም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያምናውን የጎረቤቴን ማሳ አይተሽዋል። ቅጠሉ ወንፊት ሆኖ ነው የቀረው። ሰውዬው እስካሁን አጥሩ ላይ ተደግፎ ያየዋል።»

«ልጆቼ አሉልህ። እንቁላሉን ቅጠል ላይ ያየህ ቀን ሮጠህ ና። አራት ቀን አለን። በአምስተኛው ቀን አባጨጓሬ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ እኔንም አትጥራኝ።»

እቴቴ ቅጹን ሞልታ ወደ ኃላፊው ገባች። ከቀንድ ብዛት ሥር «ሁለት» ብላለች፤ ተርብ ግንባሯ ላይ ሁለት ቀጫጭን አንቴና አላትና። ከጡት ብዛት ሥር «ዜሮ»። ሁለቱ የኮርማ ሳጥኖች ግን ባዶ ናቸው።

ኃላፊው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «ኮርማው የት አለ?»

«የለም፣ አለቃ።»

«ሞተ?»

«አልነበረም።»

«እና እነዚህ ሁሉ ከየት መጡ?»

«ከእናታቸው።»

«እናታቸውስ?»

«ከእናቷ።»

ኃላፊው ወንበራቸውን ወደ ጥቁሩ ኮርማ አሽከረከሩ፤ ጥቂት ተያዩ፤ ተመለሱ። «እቴቴ፣ እኔ በዚህ ሙያ ሃያ ሁለት ዓመት ነው የሠራሁት። ልጅ ባለበት፣ በደንብ ከተፈለገ፣ አንድ ወንድ አይጠፋም።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከእነሱ ጋር ነው የዋልኩት፤ አላየሁም።»

«አላየሁም ማለትና የለም ማለት ይለያያል። ምናልባት አንቺ ምሳ ስትወጪ ነው የሚመጣው።»

እቴቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምሳዋን ክፍሉ ውስጥ ነው የበላችው። ይህን ልትነግራቸው አፏን ከፍታ ነበር፤ ኃላፊው ግን ደወሉን ተጭነው ስብሰባ ጠርተው ጨርሰው ነበር።

የዚያን ዕለት ቃለ ጉባኤ ለትውልድ እንዲተላለፍ እነሆ፦ «በክፍል ቁጥር አራት የሚገኙ ተርቦች ከመመሪያ ውጪ ያለ ወንድ እየተባዙ መሆናቸው የቀረበ ሲሆን፣ ጉባኤው ሰፊና ጥልቅ ውይይት ካደረገ በኋላ፣ ድርጊቱን በጥብቅ አውግዟል። ወንድ የለም የሚለውን የአርቢዋን አስተያየት በሙሉ ድምፅ ውድቅ አድርጓል። ወንዱን የሚያፈላልግ ዐቢይ ኮሚቴም ተሰይሟል።» ዐቢይ ኮሚቴው በአሥር ቀን ውስጥ ንዑስ ኮሚቴ ወለደ፤ ንዑስ ኮሚቴው የቴክኒክ ቡድን ወለደ። የእነዚህን የአባት ስም የጠየቀ የለም።

ዐቢይ ኮሚቴው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ሌላው ሁሉ ተቀመጠ እንጂ። መስኮቱ በወንፊት ተመታ። ዘበኛው ከበሩ ተጠርተው አዲስ ደብተር ተሰጣቸው።

«ወደ ክፍል አራት የሚገባ ወንድ ሁሉ ስሙ ከነአባቱ ከነአያቱ ይመዝገብ» አሏቸው ኃላፊው።

«ተርቡ ስሙን ይነግረኛል?» አሉ ዘበኛው። ሽማግሌ ናቸው፤ የጠየቁትም ከልባቸው ነው።

«ማንም ይሁን ማን፣ ወንድ ከሆነ ይመዝገብ።»

«እሺ ጌታው። ከዛሬ ይጀምራል?»

«አሁኑኑ» አሉና ኃላፊው ወንዱን ለመፈለግ ወደ ክፍል አራት ገቡ። ዘበኛው ደብተሩን ከፈቱና መዘገቡ።

በሁለተኛው ሳምንት የቴክኒክ ቡድኑ ከመዝገብ ቤቱ ቁም ሣጥን ጀርባ አንድ የአሠራር መጽሐፍ አገኘ። ገጽ አርባ ላይ በቀይ እንዲህ ተጽፏል፦ «ማስጠንቀቂያ። እነዚህ ተርቦች ሴት ብቻ የሚወልዱት በሰውነታቸው ውስጥ በምትኖር ረቂቅ ተሕዋስ ምክንያት ነው። ክፍሉ ከመጠን በላይ ከሞቀ ተሕዋሷ ትሞታለች፤ ወንድ መወለድ ይጀምራል። ስለዚህ ክፍሉ ፈጽሞ እንዳይሞቅ።»

ኃላፊው ይህን ሲያነቡ በደስታ ሊያለቅሱ ደረሱ። «መፍትሔው ይኸውና ተጽፎ ቁጭ ብሏል።»

«አለቃ፣ አታድርጉ ነው የሚለው» አለች እቴቴ።

«ምን ብናደርግ ወንድ እንደሚገኝ ነው የሚለው።»

«ወንድ ማሳ ላይ ምን ይሠራል? እንቁላል አይጥልም፣ አባጨጓሬ አይከለክልም።»

«እሱ የእሱ ጉዳይ ነው። እኔ ሳጥኑ ውስጥ ነው የምፈልገው።»

ከሰዓት በኋላ ማሞቂያ መጣ። እቴቴ ሁለት ትሪ ካርቶን በፎጣ ሸፍና ወደ በሩ ወረደች። ካርቶኖቹ መዳፍ የሚያህሉ ናቸው፤ በላያቸው የዱቄት እሳት እራት እንቁላል በሙጫ ተለጥፏል፤ እያንዳንዱ እንቁላል ውስጥ አንዲት ተርብ አለች፤ በጠቅላላው አርባ ሁለት ሺህ። የዘበኛው ክፍል የውሃ ጋኑ ስላለበት ቀዝቃዛ ነው፤ ቅዝቃዜ ደግሞ መፈልፈላቸውን ያዘገያል።

«አባባ፣ እነዚህን ከጋኑ አጠገብ ያስቀምጡልኝ።»

ዘበኛው ፎጣውን ገለጥ አደረጉ። «ይበላሉ?»

«ጎመን የሚበላውን ብቻ።»

«እኔ ጎመን እበላለሁ።»

«እርስዎ ከእንቁላል አልወጡም አባባ።»

«ይሁን» አሉና ትሪውን ተቀበሉ። ከዚያ ጣታቸውን አነሡ። «ግቢ ውስጥ እደብቅልሻለሁ። ከበሩ ግን ያለ ቅጽ አንዲት ተርብ አላሳልፍም። እኔ እንጀራዬ በሩ ነው።»

በክፍል ቁጥር አራት ሙቀቱ ሠላሳ ሦስት ደረሰ። እቴቴ ላቧን እየጠረገች የሆነውን ሁሉ በአጉሊ መነጽር አየች። መጀመሪያ ሙቀቱ ውስጥ ያደጉት እናቶች ወጡ፤ ደህና ይመስላሉ። እነሱ የጣሉት እንቁላል ሲፈለፈል ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ አንቴናቸው እንደ ጠርሙስ መጥረጊያ ብሩሽ የተንጨፈረረ፣ ዐይናቸው የሚቅለሰለስ፣ የሚሠሩት የማይታወቅ ፍጡሮች ካርቶኑን ሞሉት። ወንዶች። እንደ ኃላፊው ቆጠራ አሥራ አንድ ሺህ ወንዶች። እንቁላሉ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላሉ፣ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ ከዚያ ተሰብስበው ይቀመጣሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ቀን ካርቶን ላይ ሲያልቅ አየችው። ወሬው ሲደርስ አዳራሹ ግን በጭብጨባ ተናወጠ።

ኃላፊው ንግግር አደረጉ፤ ጽሕፈት ቤቱ ከተመሠረተ ጀምሮ እንዲህ ያለ ውጤት አለመመዝገቡን፣ ክፍል ቁጥር አራትም ከእንግዲህ ኮርማ አልባ ተብላ እንደማትሰደብ ገለጹ። ከዚያ እስክሪብቶ አወጡ። «ቅጹ ይምጣ። የኮርማው ስም፣ ከአሥራ አንድ ሺሁ አንዱን እንመርጣለን። የኮርማው አባት ስምስ?»

«አባት የላቸውም» አለች እቴቴ።

ጭብጨባው እንደ ተቆረጠ ውሃ ቆመ።

«እንዴት ነው የሌላቸው? ወንዶች ናቸው እኮ።»

«በዚህ ዘር ወንድ የሚወለደው እናቱ ብቻዋን ከጣለችው እንቁላል ነው። ወንድ ሆኖ አባት ያለው ተርብ የለም፣ አለቃ። ሴት አያት በእናቱ በኩል አለችው፤ እሷን የሚጠይቅ ሳጥን ግን ቅጹ ላይ የለም።»

ኃላፊው ቅጹን አዩ። ቀድሞ ሳጥኑ ባዶ የነበረው ኮርማ ጠፍቶ ነው፤ አሁን ኮርማው ሞልቶ የአባቱ ሳጥን ባዶ ሆነ። ሌላ ኮሚቴ ተሰየመ።

በማግስቱ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ወንድሟ የጎመን ቅጠል ይዞ እየሮጠ መጣ። ቅጠሉን ገለበጠው። ከሥሩ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ነጫጭ ነጥቦች ተደርድረዋል።

«መቼ አየኸው?» አለች እቴቴ።

«ዛሬ ጠዋት። ትናንት ማታ አልነበረም። ሁሉም ላይ አለ፤ ሁሉም ላይ።»

እቴቴ በጣቷ ቆጠረች። «እስከ ዓርብ ነው።»

«ስጪኝ እንግዲህ።»

«በር አይከፈትም።»

ወንድሟ ዘበኛውን አየ፤ ዘበኛው ሰማዩን አዩ። «እቴቴ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሽው ለማን ነው?» አላት። እቴቴ ቅጠሉን ተቀብላው ገባች።

ያን ቀንና በማግስቱ የኃላፊውን በር ሦስት ጊዜ አንኳኳች፤ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መዝገብ ቤት ገብታ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ማኅተሙን በገመድ አንገቷ ላይ ስለምታንጠለጥለው «ማኅተሚቱ» ነው የሚሏት። ወረቀት ስትገለብጥ ምላሷን የማታሳርፍ ልጅ ናት።

«እቴቴ፣ ምነው? ተርብ የነደፈሽ ትመስያለሽ።»

«ቅጹ። ነገ ካልወጡ ወንድሜ አበቃለት።»

ማኅተሚቱ ቅጹን ተቀብላ ተመለከተችው። ከዚያ የዘበኛውን ደብተር ከመደርደሪያ አወረደች። «ይኼን ዛሬ ነው ያስረከቡኝ። ወደ ክፍል አራት የገባ ወንድ ሁሉ እዚህ አለ።» ገለጠችው፤ ሌላ ገጽ ገለጠች፤ ሌላ። ሠላሳ ሰባት መስመር ነው። ሠላሳ ሰባቱም ላይ ያለው ስም አንድ ነው፤ የኃላፊው፣ ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

«አይሆንም» አለች እቴቴ።

«ምን አልኩ?»

«ያሰብሽውን ነው።»

«እኔ አላሰብኩም፤ አልተፈቀደልኝም። ዐቢይ ኮሚቴው ወንዱን በዚህ ደብተር እንድናገኘው ወስኗል፤ ተገኘ። እኔ እገለብጣለሁ።» ማኅተሚቱ በሚያምር የእጅ ጽሕፈቷ ሞላችው። የኮርማው ስም፤ ተሞላ። የኮርማው አባት ስም፤ ተሞላ። «ለነገሩ የአባታቸው ስም ደስ ይላል።»

«ያነባሉ።»

«እቴቴዬ፣ እሳቸው?»

ዐሥር ሰዓት ላይ ኃላፊው የፊርማ ክምራቸው ፊት ተቀምጠው ነበር። እቴቴ በሩ ላይ ቆማለች። ማኅተሚቱ ቅጹን ከሌሎች ሃያ ወረቀቶች መካከል ነው ያስገባችው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ኃላፊው ቅጹ ላይ ሲደርሱ።

«የተርብ መውጫ ነው።»

«ባዶ ሳጥን አለው?»

«የለውም።»

ኃላፊው መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ እንደሆነ ሳጥኖቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱ። «አያችሁ? ከተፈለገ ይገኛል» አሉና ፈረሙ።

ዓርብ ጠዋት ዘበኛው ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። የኮርማው ስም ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ወደ ኃላፊው መስኮት ቀና ብለው አዩ፤ እንደገና አነበቡ።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አሉና በሩን ከፈቱ።

ወንድሟና እቴቴ ከጋኑ አጠገብ የቆዩትን ካርቶኖች በሁለቱ ማሳዎች በየጎመኑ አንገት ሰቀሉ። በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ነጫጮቹ ነጥቦች እንደ ቁንዶ በርበሬ ጠቆሩ። አንድም አባጨጓሬ አልወጣም ብል ግነት ይሆናል፤ ሦስት ወጥተው ሁኔታውን አይተው ተሸማቅቀዋል። ያ አጥር ላይ የሚደገፈው ጎረቤት አጥሩን ትቶ ወደ ወንድሟ ማሳ ሊደገፍ መጣ። ጎመኑ አንዱ ሁለት ሰው የሚያሸክም ሆነ። ይህን ያላመነ ሰው ጎማ ጠጋኙን ይጠይቅ፤ እሱ አንዱን ወንበር አድርጎ ተቀምጦበታል።

ቅጹ ደግሞ በራሱ መንገድ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ሄደ። የበላይ መሥሪያ ቤት ቅጽ አያነብም፤ ይደምራል። ደምሮም ባየው ውጤት ተገረመ። ሁለት ወር ሳይሞላ አንድ የሥራ መሪ፣ አንድ ሰዓሊ የጻፈው ትልቅ የምስክር ወረቀትና የመኪና አጀብ መጡ። አዳራሹ ሞላ። ኃላፊው ለሽልማት መሆኑን ብቻ ሰምተው ባለቤታቸውን አምጥተው የፊት ወንበር ላይ አስቀምጠዋል። ንግግራቸውንም ቀድመው አደረጉ።

«እኔ ከመጀመሪያውም ብያለሁ» አሉ ጣታቸውን አንሥተው። «ልጅ ባለበት፣ በደንብ ከተፈለገ፣ አንድ ወንድ አይጠፋም።»

የሥራ መሪው የምስክር ወረቀቱን ዘርግተው በግርማ አነበቡ፦ «በአንድ የመራቢያ ወቅት አርባ ሁለት ሺህ ሴት ልጆች በማስገኘት፣ በሀገር ደረጃ ለተመዘገበ አቻ የሌለው የመራባት ብቃት፣ ለዓመቱ ምርጥ ኮርማ።» ቀጥሎ የኃላፊውን ስም ጠሩ፤ ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው።

ኃላፊው እንደ ጨው ዓምድ ቀሩ። እቴቴ ከመጨረሻው ረድፍ ታያቸው ነበር፤ ጭንቅላታቸው ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ በአጉሊ መነጽር የምታይ ያህል ታየው ነበር። እኔ አይደለሁም ቢሉ፣ ሳያነቡ መፈረማቸው ነው። ሳላነብ ነው የፈረምኩት ቢሉ፣ ተርቦቹ ያለ ኮርማ ከግቢ መውጣታቸው ነው። ያለ ኮርማ ወጡ ቢሉ፣ እቴቴ እውነቷን ነበር ማለት ነው። ከሦስቱ ይህ የመጨረሻው የማይታሰብ ነው። ኃላፊው ኮታቸውን ቆለፉና ወደ መድረኩ ሄደው የምስክር ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

«ይህ ውጤት» አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «የእኔ ብቻ አይደለም። የመላው ሠራተኛ የተባበረ ጥረት ውጤት ነው።»

ሠላሳው ሠራተኛ መሬት መሬቱን አየ።

እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ እቴቴ ቢሮ ተጠራች። የምስክር ወረቀቱ፣ የመውጫ ቅጹ በማስረጃነት ከሥሩ ተያይዞ፣ ከጥቁሩ ኮርማ ጎን ተደግፏል። የኃላፊው ባለቤት ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ የራሳቸውን ፎቶግራፍ ከጭራው ሥር እያዩ።

«አርባ ሁለት ሺህ» አሉ ባለቤታቸው፣ ረጋ ብለው።

«የተርብ ነው እያልኩሽ። የተርብ!»

«ወረቀቱ ላይ ያለው የአንተ ስም ነው። ከሥሩ ያለውም የአንተ ፊርማ ነው። ዘበኛችሁንም ጠይቄአቸው ነበር። ሠላሳ ሰባት ጊዜ ገብተዋል አሉኝ።»

«ወንድ ልፈልግ ነው የገባሁት!» ኃላፊው ይህ መልስ እንዳልረዳቸው ሲገባቸው ወደ እቴቴ ዞሩ። «እቴቴ፣ ንገሪያት። እነዚህ ፍጥረቶች አባት የላቸውም። እናት ብቻዋን ነው የምትወልዳቸው። በያት።»

«ብዬ ነበር፣ አለቃ» አለች እቴቴ። «በሙሉ ድምፅ ውድቅ ሆኗል። ቃለ ጉባኤው መዝገብ ቤት አለ።»

ባለቤታቸው ተነሡ። የራሳቸውን ፎቶግራፍ ከግድግዳው አንሥተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ቦርሳውን ዘጉ።

«ልጅ ባለበት» አሉ በሩ ላይ ሆነው፣ «በደንብ ከተፈለገ፣ አንድ ወንድ አይጠፋም።»

ኃላፊው መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዐይናቸው አውርደው የፈረሙትን ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበቡት ያን ዕለት ነው።